ከሾተላይ የተደበቀች ልጅ

ወንዛዬ የሄድኩት ለወገቤ ነው። ሐኪሙ የሚያዝዘው መድኃኒት ሲያልቅበት "እስቲ ፍል ውሃውንም ሞክረው" አለኝ፤ ሞከርኩ። ከሐሙሲት ወርጄ፣ ልብሴን ለጠባቂው አስረክቤ፣ እስከ አንገቴ ውሃው ውስጥ ገብቼ ገና ዓይኔን ከመጨፈኔ፣ አጠገቤ የተዘፈዘፈ መላጣ ሽማግሌ "ጋዜጠኛው! አልሞትህም እንዴ?" ሲል ሰማሁ። ያወቅኩት በፊቱ ሳይሆን በድምፁ ነው። ፊት ይጨማደዳል፣ ጥርስ ይረግፋል፤ በስብሰባ የሠለጠነ ድምፅ ግን ባለቤቱን ቀብሮ ነው የሚሞተው። ጓድ መርሻ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ የሕፃናት ማቆያው ኃላፊ የነበረው መርሻ።

"አንተ ካለህ እኔ ለምን እሞታለሁ?" አልኩት።

"እኔማ ጉልበቴ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ደህና።" ውሃውን በመዳፉ እየዘገነ ትከሻው ላይ አፈሰሰ። "ያቺ የጉናዋ እብድስ አለች?"

"አንጓች እብድ ሆና አታውቅም።"

"እሺ፣ ያቺ የጉናዋ ጤነኛ አለች?" ብሎ ሳቀ። ዙሪያውን የተቀመጡትም ነገሩ ሳይገባቸው አብረውት ሳቁ። ድሮም እንዲህ ነበር፤ እሱ ሲስቅ ይሳቅለታል።

የእኔ እኩዮች ሲገናኙ "ደጉ ዘመን" ማለት ይወዳሉ። እኔ ያንን ዘመን ደግ ነበር ብዬ አላውቅም፤ ይሁን እንጂ ትዝታ ፈቃድ አይጠይቅምና የማልወደውን ዘመን ከነዋጋው አስታውሰዋለሁ። ደብረ ታቦር ያን ጊዜ አንድ ዋና መንገድና ብዙ ጭቃ ነበረች። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ስሙኒ ያለው ሰው ዳቦ ጨምሮ ቁርሱን በልቶ፣ ጥርሱን እየፋቀ፣ እንደ ባለሥልጣን ይወጣል። የቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲመጣለት ወሬው ከስኳሩ ቀድሞ ይደርስና ሰልፉ እስከ ገበያው ይዘልቃል። የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ካኪ ለባሽ ነው። ካኪውን የሚሰፋው ገበያው ጥግ ላይ መኪናውን የተከለ አንድ ልብስ ሰፊ ስለነበረ ሁሉም አንድ ዓይነት ይቆረጣል፤ ከኋላ ሲታዩ አስተዳዳሪውና ተላላኪው አይለዩም። አዲስ አበባ የተወችው ቦላሌ ሱሪ እዚያ መምህራኑ እግር ላይ ገና በክብር ይኖር ነበር። አደባባዩ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጠዋት ጠዋት የሰልፍ ዜማ ሲያንባርቅ ያረፍዳል፤ ከቀትር በኋላ ግን ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ የፍቅር ዘፈን ይለቅቃል። ከአንዲት የስልክ ቤት ሠራተኛ ፍቅር እንደያዘው ከተማው ያውቅ ነበር። ዘፈኑ ከወትሮው ሲያዝን "ዛሬ ተጣልተዋል" ይባላል።

እኔ ከአዲስ አበባ የተመደብኩ ወጣት ዘጋቢ ነበርኩ። ቤት የተከራየሁት ወደ ጋፋት በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ከእትዬ ጌጤ ግቢ ነው። እትዬ ጌጤ ባላቸውን ቀብረው ክፍል የሚያከራዩ፣ ምላሳቸው የተሳለ ሴት ነበሩ። "አንተ የሸዋ ሰው፣ ዛሬስ ምን ዋሸህ?" ይሉኛል ማታ ስገባ። እውነትም የምጽፈው ስለ ድንችና ስለ ገብስ ምርት ነበር፤ ምርቱ በየጊዜው ከታቀደው ይበልጣል።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ምርት ከእቅድ በላይ ነው ያልኩበት ገበሬ ደበሎውን ለብሶ፣ ልጁን አዝሎ፣ ከጉናና ከጋይንት ወደ ከተማው ይወርድ ጀመር። ከከተማው ዳር ድንኳኖች ተተከሉ። የስንዴው ጆንያ ሲራገፍ ተቀዶ ሸሚዝ ይሆናል፤ ጀርባው ላይ የባዕድ አገር ፊደል የታተመበት ገበሬ መንገዱን ሞላው። ትልልቁ ሰው ስፍር እህል እየተሰጠው ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ የታመመ ሕፃን ግን ለብቻው ድንኳን ነበረው። የዚያ ድንኳን ጌታ መርሻ ነው። ፊሽካ በአንገቱ፣ እስክሪብቶ በደረት ኪሱ። ከጉና ሥር የወጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ ንግግሩን ለስብሰባ ሲያሳምረው ብቻ ነው አገሩ የሚጠፋው።

አንጓችን መጀመሪያ ያየኋት እዚያ ድንኳን በር ላይ ነው። ፎቶ አንሣ ተብዬ ሄጄ ነበር። አጭር፣ ጠንካራ፣ ቅንድቧ የተጋጠመ ሴት ናት። በጀርባዋ ያዘለቻት ኩፍኝ የያዛት ልጅ ወደ አራት ዓመት ይሆናታል። መርሻ ከሰልፉ መካከል ጠራትና ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀ።

"ልጅቱ ያንቺ ናት?"

"የኔ አይደለችም።"

"የማን ናት?"

"የዘርፌ።"

"ዘርፌ የት አለች?"

"በሰፈራ መተከል ወሰዷት።"

መርሻ ወደ ልጅቱ ጎንበስ አለ። "ይች ሴት ምንሽ ናት?"

"እቴ ናት" አለች ልጅቱ በትኩሳት ድምፅ። እህቴ ማለቷ ነው።

መርሻ ቀና ብሎ ሰልፈኛውን ቃኘ። ደግሞ ጠየቃት፤ እንዳልሰማ ሰው አይደለም፣ ሰው እንዲሰማለት እንደሚፈልግ ሰው። "እንግዲያ ያንቺ ልጅ አይደለችም?"

"አይደለችም አልሁህ እኮ! የኔ አይደለችም! ሐኪሙን ጥራልኝ!"

ልጅቱ ገባች። አንጓች እህሏን ተቀብላ ቤት ታሞ የቀረ ባሏን ልታይ ወደ ጉና ወጣች። ባሏን ቀብራ ሳምንት ሳይሞላ ስትመለስ ልጅቱ ድናለች፤ ድንኳኑ ውስጥ ግን የለችም። "ወላጅ የሌላቸው ለአሳዳጊ ተሰጥተዋል" አሏት። ለማን? አይነገርም። ከተማው ግን ያውቅ ነበር። ከተማው ውስጥ ተመድቦ የነበረ አንድ ሻለቃ ልጅ አልወለደችለትም የምትባል ሚስት ነበረችው፤ ሴትዮዋ ድንኳኑን ስትጎበኝ ልጅቱን በጣቷ ጠቁማ እንዳሳየች ያዩ አሉ። ሻለቃው ያን ሰሞን ተዛውሮ ሄደ። መኪናው ወዴት እንደዞረ የሚናገር ግን አልተገኘም።

አንጓች እኔ ዘንድ መጣች። እትዬ ጌጤ በሩ ላይ ቆመው እያዩ ነበር።

"የመንግሥት አፍ የሚሉህ አንተ ነህ?"

"ጋዜጠኛ ነኝ።"

"ያው ነው። መንግሥት ልጅ ሰረቀ ብለህ ጻፍ።"

"የማንን ልጅ?"

ጠረጴዛውን፣ የጽሕፈት መኪናውን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካፖርቴን በተራ አየች።

"የማንን ልጅ ነው የሰረቀው?" አልኳት እንደገና። መጠየቅ ሥራዬ ነው።

"የዘርፌን።"

"ታዲያ መክሰስ ያለባት ዘርፌ ናት። አንቺ ምኗ ነሽ?"

"አጠባኋት።"

"አጥብተሻት ልጅሽ አይደለችም?"

"አንተን እናትህ ከገበያ ነው የሸመተችህ?" ብላ ደጃፌ ላይ ምራቋን ተፍታ ወጣች።

እትዬ ጌጤ ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። "ተማርሁ ትላለህ" አሉኝ። "ሴትዮዋ ሾተላይ እንዳለባት አታይም?"

በእሳቸው አፍ እንደሰማሁት ነገሩ ይህ ነው። ሾተላይ የሚባለው በወለደች ቁጥር ልጇን የሚቀማት ክፉ ነገር ነው። አንጓች አራት ወልዳ አራት ቀብራለች። አምስተኛዋ ስትወለድ አገሩ የሚያደርገውን አደረገች፤ ልጅ የማይሞትባትን ጎረቤቷን ዘርፌን ጠርታ ሕፃኗን በአንድ እፍኝ ገብስ ሸጠችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱ የዘርፌ ናት፤ አንጓች የምታጠባው ለዘርፌ ነው። ልጅቱ ዘርፌን "እማ"፣ ወላጇን "እቴ" ትላለች። ማንም እንዳይመኛት ስሟን ጥራጊ አሏት። "የማን ናት?" ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ መልሱ አንድ ነው። "የኔ" ያለች እናት ልጇን በአፏ አሳልፋ ሰጠች ማለት ነው፤ ሾተላይ ጆሮ አለውና።

"ይኸን እኮ መርሻም ያውቃል" አሉ እትዬ ጌጤ። "ከዚያው አገር አይደል የወጣ? አውቆ ነው በሰው ፊት ያስባላት።"

የገባኝን ጻፍኩ። በሾተላይ አምኜ አይደለም፤ ያን ጊዜም ዛሬም አላምንም። የጻፍኩት ግን እሷ እንደምታምን፣ ጠያቂውም ይህን እንደሚያውቅ፣ ልጅም በዚህ መንገድ ከእናቷ እንደተወሰደች ነበር። ከዋናው ቢሮ በስልክ የመጣልኝ መልስ አጭር ነው፤ "የድንቹን ዘገባ ቶሎ ላክ።" ሁለተኛ ላክሁት። ሁለተኛም ስለ ድንቹ ጠየቁኝ።

ከተማው ከቢሮው አይሻልም ነበር። ሻይ ቤት ውስጥ አንጓች በበሩ ስታልፍ "ልጇ ቅቤ እየበላች እሷ ምን ሆንሁ ትላለች?" ይባላል። "የኔ አይደለችም ብላ እኮ ነው" ይላል ሌላው፣ ሻዩን እየማገ። ሾተላይን የማያውቅ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። ረሃብ ሰውን ደግ ያደርጋል የሚል ካለ፣ እኔ ያየሁት ሌላ ነው። የጠገበው የራበውን ሲጠላ፣ በተለይም የራበው መብቱን ሲጠይቅ፣ ጥላቻው እንዴት ያለ እንደሆነ ዓይኔ አይቷል።

በአንድ የገበያ ቀን፣ ድምፅ ማጉያው ዘፈኑን ለቅቆ፣ ነጋዴው የላስቲክ ጫማውን በገመድ ደርድሮ፣ የጉና በጎች በመንገዱ መካከል ሲነዱ፣ መርሻ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር እየተሳሳቀ መጣ። አንጓች ከበጎቹ መካከል ወጣችና የካኪ ኮቱን ጫፍ ያዘች። "በሕግ አምላክ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ከኮቱ ጫፍ ጋር ቋጠረችው።

ገበያው ባለበት ቆመ። ይህ ቁራኛ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ፤ ዳኛ ሳያይ ቋጠሮውን የፈታ በደሉን እንዳመነ ይቆጠራል። አብዮቱ ይህንን ከሻረው ቆይቷል። በጎቹም ሳይቀሩ የቆሙ መሰለኝ።

"ፍቺው" አለ መርሻ በዝግታ።

"አንተ ፍታዋ! እጅ የለህም?"

መርሻ ወደ ቋጠሮው እጁን ሰደደና መለሰው። "ቁረጠው!" አለ ወደ አንዱ አብዮት ጠባቂ ዞሮ።

ልጁ ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ። "ጓድ፣ እኔ... ቢላ አልያዝሁም።"

"ቢላ አሥር ብር ነው፣ ልሽጥልህ?" አለ ከሰው መካከል አንድ ድምፅ። ሳቅ ፈነዳ። ያን ቀን መርሻ ሳይስቅ ሌላው ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። በየስብሰባው የቀድሞ ሥርዓት እያለ የሚያንቋሽሸውን ቋጠሮ ራሱ ሊፈታ አልደፈረም፤ በዚያ አገር ተወልዶ ቁራኛ የሚፈታ እጅ የለም። ሁለቱ ተቋጥረው፣ እሱ ከፊት እየጎተተ እሷ ከኋላ እየተሳበች፣ ገበያውን አስከትለው ወደ አውራጃው ዳኛ ሄዱ። እኔም ተከተልኩ።

ዳኛው እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስል ሰው ነበር። ቋጠሮውን አይቶ ግንባሩን አሸ። አስፈታና ጠየቀ። መርሻ አጭር ነገር ተናገረ፤ "ሴትዮዋ በሕዝብ ፊት ልጄ አይደለችም ብላለች፤ ወላጇን ሰፈራ ወስዷል፤ ልጅቱ አሳዳጊ ተገኝቶላታል።" ልጅቱን ያጠመቁት ቄስ ከመንደሯ ወርደው ነበርና እጃቸውን አወጡ። "እኔ በሰማንያ ቀኗ..." ሲሉ ዳኛው "አባ፣ ይቀመጡ፤ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አይደለም" አላቸው።

"አውቆ ነው!" አለች አንጓች። "እናቱ እሱንም ለባልቴት ነው የሸጠችው! እናቱን እቴ እያለ ነው ያደገ! ውሸት ከሆነ ይማል!"

የመርሻ ጆሮ ሲቀላ ከኋላ ወንበር ታየኝ። አልማለም። "ኋላ ቀር ልማድ ማስረጃ አይሆንም" አለ ለዳኛው።

"እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው" አለ ዳኛው። "ልጅቱ ያንቺ ናት ወይስ አይደለችም? በአንድ ቃል።"

ያ አዳራሽ ብርዳም ነው፤ የአንጓች ግንባር ግን ላበ። ቄሱን አየች፤ ቄሱ መሬት አዩ። እኔ በሥራዬ ብዙ ሰው ሲምል፣ ሲክድ፣ ሲፈረድበት አይቻለሁ፤ እንደዚያ የከበደው ሰው ግን አላየሁም።

"የኔ ናት" አለች። ድምፅዋ አልወጣምና ደገመችው። "ከማኅፀኔ የወጣች፣ የኔ ናት!"

"ያን ጊዜ ነው የዋሸሽው ወይስ አሁን?" አለ መርሻ።

ዳኛው ቃሏ ከቃሏ ተጣልቷል ብሎ ነገሩን ዘጋው። መርሻ ኮቱን አራግፎ ወጣ።

አንጓች ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አጽናናለሁ ብዬ ሳይሆን፣ ምን እንዳሰበች ለመጠየቅ ነው የቀረብኩት። "አሁን ገደልኋት" አለችኝ።

"ማንን?"

"በሰው ሁሉ ፊት የኔ አልሁ። ሰማኝ። ያለችበት ሄዶ ይወስዳታል።"

እንደማይሆን፣ ልጅ በቃል እንደማይሞት ነገርኳት። "አንተ ስንት ቀብረህ ታውቃለህ?" አለችኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥያቄዋ ተለወጠ። ድሮ "የት ናት?" ነበር የምትለው። አሁን በየገበያው ቀን ከመርሻ ቤት በር ፊት ለፊት ትቆምና "አለች ወይ? እሱን ብቻ ንገረኝ! አለች ወይ?" ትላለች። መርሻ መስኮቱን ይዘጋል። ውሻም ለቀቀባት። ሁለት ጊዜ አሳሰራት፤ ተፈታ በማግስቱ እዚያው ናት። ሚስቱ አንድ ቀን የእጣቢ ውሃ ደፍታባት "ሂጂ አንቺ ሟርተኛ!" ስትላት ሰምቻለሁ። አንጓች ነጠላዋን እየጨመቀች "አለች በዪኝና እሄዳለሁ" አለቻት። "ያቺ እብድ" የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ ነው የወጣላት። እኔ እስክዛወር ድረስ ይህ አልቆመም፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ ለሥራ ወደዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንጓችን ጉና ላይ እየጠየቅኩ ነበር የምሄደው። ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ ያንኑ ነው። ሁልጊዜ የምመልስላት "አላወቅኩም" ነው። አላውቅም ነበርና።

ወንዛዬ ላይ፣ ውሃው ውስጥ፣ መርሻ ዓይኑን ጨፍኖ "ልጅቱ እኮ አምና መጣች" አለኝ።

"የቷ ልጅ?"

"የእብዷ ልጅ ነዋ። ሜሮን ነው የምትባለው። ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት አላት፣ ወፍራም ሰው ሆናለች። አሳዳጊዋ ስትሞት ነው ነገሩን የነገረቻት አሉ። ፈልጋ ፈልጋ እኔን አገኘች።"

"ምን አልካት?"

"እውነቱን። እናትሽ በሕዝብ ፊት የኔ አይደለችም ብላ ጥላሽ ሄደች አልኋት። አንተ ነበርህ፤ አንተ እውነት ትወዳለህ። ብላለች ወይስ አላለችም?"

"ብላለች።"

"በቃ!" አለና እጁን ከውሃው አውጥቶ አጨበጨበ።

"አንተ ልጅቱ የት እንዳለች ያን ጊዜም ታውቅ ነበር?"

"ሻለቃው ጓደኛዬ ነው። በየዓመቱ አያት ነበር።"

"ታዲያ አለች የምትል አንዲት ቃል ለአንጓች ለምን አልነገርካትም?"

ሞኝ እንደጠየቀው አየኝ። "ዛሬ አለች ብላት፣ ነገ የት ናት ትላለች። ሰው እንዲህ ነው፤ አንድ ስትሰጠው ሁለት ይላል።"

ሐኪሙ ያዘዘልኝ ሰዓት አልሞላም ነበር። ወጣሁ። "ወገብህን ሳትጨርስ!" ሲለኝ ዞሬ አላየሁትም። ስላረጀ ነገሩን ተውኩለት የሚለኝ ካለ አልተውኩለትም። ይህንን የምጽፈው ገና በሕይወት እያለ ነው፤ ጽሑፍ ማንበብ እንደሚችል አውቃለሁ።

ሜሮንን መድኃኒት ቤቷ ውስጥ አገኘኋት። ወፍራም አይደለችም፤ ቅንድቧ ግን የተጋጠመ ነው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ ባንኮኒውን በመካከላችን አድርጋ አዳመጠች። ሾተላዩን፣ እፍኙን ገብስ፣ ቁራኛውን፣ ዳኛውን ነገርኳት። ሲያልቅ "እርስዎ እዚያ ነበሩ?" አለችኝ።

"ነበርኩ።"

"የኔ አይደለችም ብላለች?"

"ብላለች።"

"እኔም እኮ አስታውሰዋለሁ። ከጀርባዋ ሆኜ ነው የሰማሁት። ሌላ ምንም አላስታውስም፣ ፊቷንም ረስቻለሁ፤ ያንን ግን በየሌሊቱ እሰማዋለሁ። አሁን እርስዎ በአረጀ ልማድ ሊያጥቡልኝ መጡ።"

"የመጣሁት እናትሽ በሕይወት እንዳሉ ልነግርሽ ነው። ሌላው የራስሽ ጉዳይ ነው።"

ለሁለት ደንበኛ መድኃኒት ሸጠች። ሦስተኛውን "ተዘግቷል" አለችው።

በተከራየነው መኪና ከባሕር ዳር ተነሥተን ደብረ ታቦርን አልፈን ወደ ጉና አመራን። ሻይ በአሥር ሳንቲም የጠጣሁበት ጥግ ባለፎቅ ሆኗል፤ እንደ ድሮው ቢሆን ላሳያት ነበር፣ አላሳየኋትም። ከአስፋልቱ ወርደን የእግር መንገዱ እስከሚፈቅድ ድረስ መኪናው ወጣ። አንጓች ከቤቷ በስተጀርባ፣ ባናዋን ተከናንባ፣ የዘር ድንች እየመረጠች ነበር። አርጅታለች፤ ዓይኗ ግን ከሩቅ ይለያል። እኔን አየችና "አንተ ደግሞ፣ አላወቅሁም ልትለኝ ነው የመጣህ?" አለችኝ። ከዚያ ከኋላዬ ያለችውን አየች። እጇ ላይ የነበረው ድንች እዚያው ቀረ።

"እርስዎ ነዎት አንጓች የሚባሉት?" አለች ሜሮን።

አንጓች አልተነሣችም፣ አላለቀሰችም። ከእግሯ እስከ ራሷ፣ ከራሷ እስከ እግሯ ቀስ ብላ አየቻት፤ በግ የሚገዛ ሰው ጤናውን እንደሚያይ።

"የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅ ነው" አለች ሜሮን። "የኔ አይደለችም ብለዋል ወይስ አላሉም?"

"ብያለሁ።"

"እኔ እየሰማሁ!"

"አንቺ እየሰማሽ። ሾተላይ እንጂ ማን ይስማልኝ ኖሯል? ከአንቺ በፊት የነበሩትን አራቱን የኔ የኔ አልኋቸው፤ ያውና ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ናቸው፣ ሂጂና ጠይቂያቸው። በዚያ አትቀየሚኝ። እኔ የምጠየቅበት ሌላ ነው።" በእጇ የቀረውን ድንች መሬት አኖረች። "ዳኛ ፊት ጨንቆኝ የኔ ናት ብያለሁ። አንዴ ነው ያልሁት። ይኸን ሁሉ ዓመት ገደልኋት እያልሁ ነው የኖርሁ።"

ባንኮኒው ኋላ ሆና ስትመልስልኝ የነበረችው ሴት የት እንደገባች እንጃ። ሜሮን ጮኸች፤ ቃሉ ከማን አፍ እንደሚወጣ ያላወቀች ይመስል።

"ታዲያ ለምን አልመጣሽም! ለምን ፈልገሽ አላገኘሽኝም!"

"በየት አባቴ መንገድ! ውሻ አልተለቀቀብኝም? እስር ቤት አላደርሁም? ይኸን ሰውዬ ጠይቂው!"

"ባሕር ዳር እኮ ነው የነበርሁት! እዚህ ሥር! አንቺ ምን ታውቂያለሽ..."

"ምን አውቃለሁ? በዚህ ብርድ በዚህ ጨርቅ የመጣሽ ሞኝ መሆንሽን አውቃለሁ! ይኸ ጫማ ነው? ጉና በዚህ ይወጣል?"

"ጫማዬን ተይው!"

"ግቢ ወደ ቤት! ሳልሽ ቢነሣ ማን ሊቀብርሽ ነው!"

እየተጯጯሁ ገቡ። በሩ ተዘጋ፤ ድምፃቸው ግን አልተዘጋም። አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ከላይ ትደርብባታለች፤ መሳደብ ነው፣ ማልቀስ ነው፣ ደግሞ መሳደብ ነው። ሁለት ጎረቤቶች ከአጥራቸው ላይ አንገታቸውን አውጥተው ማን እንደሞተ ጠየቁኝ። ማንም አልሞተም አልኳቸው። ወደ መኪናው ወረድኩ። ሹፌሩ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ሲያዳምጥ ነበር።

"ጋሼ፣ ሊገዳደሉ ነው እኮ። አንገባም?"

"ተዋቸው።"

"ታዲያ ልንሄድ ነው?" አለና ሞተሩን አስነሣ።

ከላይ የሜሮን ድምፅ ገነነ፣ ቀጥሎ የአሮጊቷ፣ ቀጥሎ የሁለቱም።

"አጥፋው" አልኩት።